የእናቴ የዋንዛ ሽጉጥ

ባለፈው ወር የተሰነጠቀ የአልጋ እግር ላስጠግን፣ ጅማ ውስጥ ከምኖርበት ሰፈር አጠገብ ወዳለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ገብቼ ነበር። ወጣቱ አናጢ በጨርቅ ጫፍ የተልባ ዘይት እያጠቀሰ አዲስ የተላገ ዋንዛ ላይ ሲያሽ፣ ሽታው ድንገት ደረቴ ውስጥ ገባና የመጣሁበትን ጉዳይ አስረሳኝ። ልጁ ሁለት ጊዜ «እህቴ፣ ምን ልታዘዝ?» ካለኝ በኋላ ነው የነቃሁት። በዚያች ቅጽበት እኔ ሚዛን ተፈሪ ነበርኩ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር፤ አባቴም ጉልበቱ ላይ ጨርቅ ዘርግቶ፣ ከእንጨት የጠረበውን ሽጉጥ በዘይት ያሽ ነበር።

አባቴ ይመር አናጢ ነበር። በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ ሚዛን የቀረ፣ በር፣ መስኮትና የተማሪ ዴስክ እየሠራ የሚያድር፣ ንግግሩ ጥቂት የሆነ ሰው ነው። እናቴ ብርቅነሽ ደግሞ የዚያው አገር ልጅ፣ የቤንች ተወላጅ፣ በከተማው ፖሊስ ጣቢያ ሃምሳ አለቃ ነበረች። አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ገብታ ስለሆነ፣ ሲደክማት ወይም ስትናደድ ወደ ቤንችኛዋ ትመለስ ነበር። ሁለቱ ሲጋቡ አባቴ አንድ ነገር ብቻ ለምኗት ነበር፦ ሽጉጧ ቤት እንዳይገባ። ታላቅ ወንድሙ ለጦርነት ተወስዶ ሳይመለስ ስለቀረ፣ መሣሪያ ያለበት ክፍል ውስጥ እህል አይወርድለትም ነበር። እናቴም እሺ ብላ፣ በየቀኑ ሥራ ስትጨርስ ሽጉጧን ለግምጃ ቤቱ አስረክባ፣ ባዶ ወገቧን ይዛ ወደ ቤት ትመጣ ነበር።

ታዲያ በአንድ የጣቢያው የተኩስ ፈተና ላይ እናቴ ወንዶቹን ሁሉ በልጣ ተገኘችና፣ ቦንጋ ላይ በሚደረግ የፖሊሶች የሽጉጥ ተኩስ ውድድር ከተማችንን ወክላ እንድትሄድ ተመረጠች። እኔ ለጓደኞቼ ሁሉ ተናግሬ፣ ዋንጫው የት እንደሚቀመጥ መደርደሪያ መርጬ ጠበቅኳት። በየካቲት ወር፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተመልሳ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ እየፈታች፣ «ከአሥራ ስምንት ሰው አሥራ ሰባተኛ ወጣሁ» አለች።

አባቴ ትንሽ አሰበና፣ «አሥራ ስምንተኛውስ?» አላት።

«እሱማ ታሞ አቋረጠ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ እናቴ ግን ሳቋን ሳትጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የጣቢያው አዛዥ የሚቀጥለው ውድድር በዓመቱ ቴፒ እንደሚሆንና እስከዚያ ካልተሻሻለች ቦታውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነግሯት ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አልነበረም፤ መላክ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር እናቴ ሻምበል ባሻ ሽፈራውን ፈልጋ አገኘች። እኚህ ሰው በወታደርነታቸው ዘመን በሽጉጥ ተኩስ የተወዳደሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን የአንድ ቡና መጋዘን ዘበኛ የሆኑ፣ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የተኩስ ሜዳ አብረዋት ይሄዱ ነበር። ከመጀመሪያው ቅዳሜ ስትመለስ፣ እራት ላይ እጇን እንደ ሽጉጥ ቀስራ የሆነውን ሁሉ አሳየችን።

«‹ዞር በይ፣ እኔ ላጉርስልሽ› አሉኝ። ለካ ከደህናዎቹ ጥይቶች መሐል ባዶ ቀለህ ደብቀዋል። ተኮስኩ፣ ተኮስኩ፤ ሦስተኛው ላይ ቀጭ ብሎ ዝም አለ። ይመር ሙት፣ አፈሙዙ እንዲህ መሬት ነካ!» ብላ እጇን እንደምትለቅም ዶሮ ወደ ገበታው ደፋችው። «‹አየሽ ልጄ፣ ጥይት የለም፤ አንቺ ግን ደነገጥሽ። ሁልጊዜ የምትስቺው ሽጉጡ ከመጮሁ በፊት ነው› አሉኝ። እኔ እኮ ይኼን ሁሉ ዓመት ጥፋቱን በሽጉጡ ላይ ሳላክክ ኖሬያለሁ!»

ሽጉጡም ቢሆን ከጥፋት ነፃ አልነበረም። እጀታው ለትልቅ እጅ የተሠራ ስለሆነ፣ የእናቴ ጣት ቃታው ላይ የሚደርሰው ተንጠራርቶ ነበር፤ በጣቷ ጫፍ ስትስበውም አፈሙዙን ወደ ጎን ይወስደዋል። ሻምበል ባሻ ለድንጋጤዋ ያዘዙላት መድኃኒት በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፣ ነጭ ግድግዳ ፊት ቆማ፣ ያለ ጥይት ቃታ መሳብ ነበር። እናቴ ይህን ነግራን ወደ ገበታዋ ተመለሰች። ሽጉጡ ቤት እንደማይገባ ሦስታችንም እናውቃለን። እሷም ይግባልኝ ብላ አልጠየቀችም። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ብዙ ጎረሰ፤ ከዚያ እጁን ታጥቦ፣ ፎጣውን አጣጥፎ፣ «ክብደቱ ስንት ነው?» አላት።

በማግስቱ ከባለሱቅ ሚዛን ተውሶ ጣቢያ ሄደ። የግምጃ ቤቱ ሰው ባዶውን ሽጉጥ ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጠው፣ ወረቀት ላይ አጋድሞ ዙሪያውን በእርሳስ ሲያነሣለት፣ አባቴ እጁን ከኋላው አጣምሮ ቆሞ ነበር አሉ፤ አንዴም አልነካውም። ክረምቱን ሙሉ፣ ለሰው የሚሠራውን በርና መስኮት ሲጨርስ፣ ከመላጊያው አጠገብ ጥግ ያቆማትን የዋንዛ ቁራጭ አንስቶ ይጠርብ ነበር። ክብደቱን ለማሟላት ሆዱን ቦርቡሮ የብረት ቁራጭ ከተተበት። ብረቱ ወደ ፊት ሲበዛ አፍንጫው ያዘቀዝቃል፣ ወደ ኋላ ሲበዛ ይንጋለላል፤ ስለዚህ በማስመሪያ ጠርዝ ላይ እያቆመ፣ እያወጣ እየመለሰ፣ እንደ እውነተኛው መሐሉ ላይ እስኪመዝን ድረስ ለፋበት። ለቃታው የብስክሌት ፍሬን ሞላ ገጠመለት። ሞላው በጣም ሲላላ ያጠብቀዋል፣ በጣም ሲጠብቅ ያላላዋል፤ እናቴ ዓይኗን ጨፍና እየሳበች፣ «ገና ነው… ገና… አሁን እሱን መሰለ» ትለው ነበር።

ለእጀታው ደግሞ ከጓሯችን ቀይ ጭቃ አምጥቶ አቡክቶ፣ «ጨብጪው፤ እንደምትተኩሺ አድርገሽ ጨብጪው» አላት። የእናቴ አምስት ጣቶች ጭቃው ላይ ታትመው ቀሩ። አባቴ ያንን ጭቃ እሳት ዳር አድርቆ ፊቱ አስቀምጦ፣ በመሮና በሞረድ፣ መጨረሻም በብርጭቆ ወረቀት፣ የጣቶቿን ሸለቆ አንድ በአንድ እንጨቱ ላይ አወጣው። ሲጨርስ እኔም ጨበጥኩት፤ ጣቶቼ በእናቴ ጣቶች ቦታ ገብተው ጠፉ። ጦር መሣሪያ ማየት የማይወድ ሰው፣ ለሚስቱ ብሎ እንዲህ ያለ ነገር ከእንጨት ማውጣቱ ያኔም ይገርመኝ ነበር፤ ዛሬም ይገርመኛል።

ዝናቡ ጋብ ብሎ የቡና ለቀማ ሲጀመር፣ የእናቴ ግማሽ ሰዓት የቤታችን ሥርዓት ሆነ። ከሥራ ተመልሳ፣ የደንብ ልብሷን ሳታወልቅ፣ በኖራ የተቀባው ግድግዳ ፊት ትቆማለች፤ እግሮቿን ከፈት አድርጋ፣ ግራ እጇን በቀበቶዋ ሰክታ፣ ቀኝ እጇን ትዘረጋለች። አባቴ ከሽጉጡ አናት ላይ፣ ከአፈሙዙ ጫፍ አጠገብ፣ አንድ ፍሬ ጥሬ ቡና በጠፍጣፋ ጎኗ ያስቀምጣል። ቃታው ሲሳብ ቡናዋ ከወደቀች እጅ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየሙከራው ትወድቅ ነበር፤ ወለሉ ላይ የቡና ፍሬ ስለቅም የዋልኩ ነው የሚመስለኝ።

አንድ ቀን ምን እንደምታይ ጠየቅኳት። «አውራ ጣትሽን ዘርጊና ጥፍርሽን እዪ» አለችኝ። ዘረጋሁ። «አሁን በሩ ምን ሆነ?»

«ደበዘዘ።»

«ይደብዝዝ። እኔም የማየው የሽጉጡን የፊት ማነጣጠሪያ ብቻ ነው። ዒላማውን ለማየት ከሰሳሁ አለቀልኝ።»

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን እጇን ስታወርድ ነበር። አየር ስባ፣ ግማሹን አስወጥታ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ጣቷ ቃታው ላይ መጠንከር ከጀመረ በኋላ፣ ድንገት ሳትስብ ቀስ ብላ ታወርደዋለች።

«እማዬ፣ ለምን ተውሽው?»

«እጄ ቸኮለብኝ። ላሳርፈውና እንደገና እሞክራለሁ።»

ይህ ለእኔ ሊገባኝ የማይችል ነገር ነበር። እኔ የጀመርኩትን ነገር መሐል ላይ ማቆም አልችልም፤ ቁልቁለት መሮጥ ከጀመርኩ የሚያቆመኝ የታችኛው አጥር ነው። እሷ ግን አንዳንድ ምሽት አሥር ጊዜ አንስታ ስምንቱን ታወርደዋለች። ከዚያ በኅዳር አንድ ቀን፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ቃታው ቀጭ አለ፤ ቡናዋ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ደገመችው። ቡናዋ አለች። ሦስተኛ፣ አራተኛ፤ እናቴ በከንፈሯ በቤንችኛ ትቆጥር ጀመር። አባቴ መላጊያውን አስቀመጠ። ጎረቤት የሚጮኸው ራዲዮ እንኳ ርቆ ሄደብኝ፤ እናቴ የቤታችን ምሰሶ የሆነች፣ እሷ ብትነቃነቅ ጣሪያው የሚወርድብን መሰለኝ። አሥር ላይ እጇን አውርዳ፣ ዞራ አየችንና፣ «ምነው እናንተ አትተነፍሱም እንዴ?» አለች።

ከዚያ በኋላ የጣቢያው አዛዥ ፈቅዶ፣ የግምጃ ቤቱ ሰው የእውነተኛውን ሽጉጥ የፕላስቲክ እጀታ ፈቶ ለአባቴ ላከለት፤ አባቴም በጭቃው ልክ ሌላ የዋንዛ እጀታ ሠራ። የመጀመሪያው የሚዛን ተፈሪን እርጥበት ጠጥቶ አበጠና አልገጥም አለ። ሁለተኛውን እሳት አጠገብ ካደረቀ በኋላ፣ የተልባ ዘይት እያጠጣ፣ እያደረቀ፣ እንደገና እያጠጣ ሠራው። በዚያ ሰሞን ልብሳችንም ምግባችንም ያ ሽታ ነበረው።

ጥር ሲገባ ሦስታችንም አውቶቡስ ተሳፍረን ቴፒ ወረድን። ቴፒ ይሞቃል፤ ከሚዛን ቀዝቃዛ አየር የመጣ ሰው ገና ከመኪና ሲወርድ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይጣበቃል። ከከተማው ዳር፣ ከአፈር ክምር ፊት፣ ዒላማዎቹ ተደርድረው ነበር፤ ተመልካቹ ከኋላ በገመድ ተከልሏል። የመሣሪያ ተቆጣጣሪው የእናቴን ሽጉጥ አገላብጦ፣ እጀታውን በማስመሪያ ለክቶ፣ በጣቱ ዳሰሰውና፣ «ይኼን የት አሠራሽው?» አላት። እሷም በአገጯ ወደ አባቴ ጠቆመች። ሰውየው አባቴን ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ «ይለፍ» ብሎ ጻፈ።

እናቴ ቀስ በቀስ በደረጃ ከፍ እያለች ሄደች። ከቀትር በኋላ አራት ሰዎች ሲቀሩ አንዷ እሷ ነበረች፤ ሌሎቹ ሦስቱ ወንዶች ነበሩ። የመጨረሻዎቹን አምስት ጥይቶች ለመተኮስ የተወሰነ ደቂቃ ተሰጣቸው። አባቴ ከጎኔ ቆሞ እጄን ይዞ ነበር። እናቴ ሽጉጡን ስታነሣ፣ የአባቴ ሌባ ጣት መዳፌ ላይ ቀስ እያለ ይጠነክራል፤ ሽጉጡ ሲጮህ ይላላል። አብሯት ይስብ እንደነበረ የገባኝ ሦስተኛው ላይ ነው። አራት ተኮሰች። አምስተኛውን አነሣች። ሌሎቹ ሁሉ ጨርሰው ሽጉጣቸውን አስቀምጠዋል። የአባቴ ጣት ጠነከረ፣ ጠነከረ፤ ከዚያ ላላ፤ ድምፅ ግን አልተሰማም።

እናቴ እጇን አወረደች።

ከኋላችን አንድ ሰው «ምን ሆነች? ፈራች እንዴ?» አለ። ሰዓት ያዡ የቀረውን ሰከንድ ጮክ ብሎ ተናገረ። እሷ ግን መዳፏን ከሱሪዋ ጠርጋ፣ እጀታውን እንደገና ጨብጣ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ አየር ሳበች። ስንት ሰው እያያት፣ ሰዓቱ እያለቀባት፣ እናቴ ቤታችን ነጭ ግድግዳ ፊት እንደምትቆመው ነበር የቆመችው። እጇ ተነሣ። ሽጉጡ ሲጮህ የአባቴ ጣት መዳፌን ወጋኝ፤ ወዲያው ፊሽካው ተነፋ።

ያቺ ጥይት የዒላማውን እምብርት በስታ ተገኘች። እናቴ ሁለተኛ ወጣች። አንደኛ የወጣው በዕድሜ የገፋ መኮንን መጥቶ ጨበጣት፤ ሽጉጧን እንድታሳየው ለምኖ ሊይዘው ሲሞክር፣ ወፍራም ጣቶቹ እጀታው ላይ ቦታ አጡ። «ይኼማ ላንቺ ብቻ የተሠራ ነው» ብሎ እየሳቀ መለሰላት። እናቴ ካዝናውን አውጥታ፣ ጥይት እንደሌለበት ሁለቴ አይታ፣ ለአባቴ በመዳፏ ላይ ዘረጋችለት።

«ያዘው እስቲ፤ ያንተም ነው።»

አባቴ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ። «አይ ብርቄ፤ እጀታውን አውቀዋለሁ። የቀረውን ተዪው።» ከዚያ ሽጉጡን ሳይነካ፣ የያዘችበትን እጇን በሁለት እጁ ጨብጦ ሳመው። አባቴ በሰው ፊት እንዲህ ሲያደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እናቴ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት ተወዳደረች፤ አንዳንዴ አሸነፈች፣ አንዳንዴ ተሸነፈች፤ ኋላም ለጣቢያው አዳዲስ ሴት ፖሊሶች አስተማሪ ሆነች። አሁን ሁለቱም ሚዛን ተፈሪ በጡረታና በትንሽ ሥራ ይኖራሉ። የተኩስ ሜዳው የነበረበት ቦታ ዛሬ ቤት ተሠርቶበት ባጃጅ ይመላለስበታል። ዛሬ የሚወዳደሩት ልጆች ተኩሳቸውን በስልክ ቀርጸው፣ እጃቸው የት ላይ እንደተንቀጠቀጠ ወዲያው ያያሉ፤ ይህን ስነግራት እናቴ፣ «ታድለው!» ትላለች።

እኔ ግን እናቴ በዚያ ዓመት የነበራትን ዕድሜ አልፌያለሁ። የምሠራበት ላቦራቶሪ ውስጥ መሣሪያው ሁሉ ፈጣን ነው፤ ቤቴም ስገባ ስልኬ እጄ ላይ ነው፤ አንድ ነገር አልሄድ ሲለኝ የምጫነው ሌላ ቁልፍ አላጣም። እሷ ቀኑን ሙሉ በጥበቃ ቆማ ውላ፣ ማንም ሳያያት፣ ማንም ሳያጨበጭብላት፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ባዶ ግድግዳ ፊት ትቆም ነበር። አንዳንድ ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ፣ እስቲ እኔም ብዬ ሳሎኔ ውስጥ እጄን ዘርግቼ እቆማለሁ። እስካሁን ከሁለት ደቂቃ አላለፍኩም።