ምዲንጊ ልጁን ትቶ የተመለሰበት ቀን

ምዲንጊ ምባታ በሰባ አንድ ዓመት ዕድሜው አሥራ አራት ሰው ከሞተበት ወደ ቤቱ መልሷል። ሬሳውን አይደለም፤ ሬሳውን መኪና ያመጣዋል። እሱ የሚያመጣው ከሬሳው ወደ ኋላ የሚቀረውን መንፈስ ነው። የቁርቁራ ቅርንጫፍ ይቆርጥና ሟቹ የወደቀበት ቦታ ድረስ ሄዶ በስሙ ይጠራዋል፣ “ና እንሂድ” ይለዋል። ቅርንጫፉን ከቆረጠ ጀምሮ እስከ ቤቱ ደጃፍ ድረስ ከሟቹ በቀር ከማንም ጋር አይነጋገርም። ታክሲ ላይ የሁለት ሰው ይከፍላል። ወንዝ ሲደርሱ “ወንዝ እየተሻገርን ነው” ብሎ ይነግረዋል። ለሕያው ሰው አንዲት ቃል ከተነፈሰ፣ የያዘው እዚያው መንገድ ላይ ይቀራል።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በወጣትነቱ፣ ጥቁር ሰው የይለፍ ደብተር ሳይይዝ ከተማ መርገጥ በማይችልበት ዘመን፣ ደርባን ባቡር ጣቢያ ላይ ፖሊሶች አስቁመው ስሙን ጠየቁት። የሞተውን የአጎቱን ልጅ ይዞ ነበርና ዝም አለ። ሁለት ጥርሱን አወለቁት። ደም በሞላው አፉ የተናገረው “አይዞህ፣ አሁን ይለቁናል” የሚል ብቻ ነበር፤ ያውም ለቅርንጫፉ። እብድ ነው ብለው ለቀቁት።

አሥራ አምስተኛው የገዛ ልጁ ላንጋ ሆነ። ወርቅ ማዕድን ውስጥ ድንጋይ ተደርምሶበት ሞተ። ኩባንያው የላከው ደብዳቤ፣ ላንጋ አደገኛ ነው ተብሎ በሰንሰለት ወደ ተዘጋ ክፍል በገዛ ፈቃዱ ገብቶ መሞቱን ይናገራል። የላንጋ ሚስት ቶኮዚሌ ደብዳቤውንና አብሮት የመጣውን ወረቀት ይዛ ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ ጠበቃ ሄደች።

“ስሚኝ እህቴ” አለቻት ጠበቃዋ። “የካሳ ፈንዱ ለልጆችሽ የሚሰጠውን ይሰጣል፣ እሱ አያስጨንቅሽ። ይኼን ወረቀት ከፈረምሽ ግን ‘ጥፋቱ የባሌ ነው፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም’ ማለትሽ ነው። ካልፈረምሽ አደጋውን የሚያጣራ ጉባኤ ይጠራል። የነበረ ሁሉ ምሎ ይናገራል፣ አንቺም ትጠይቂያለሽ። አጥፊ ከተገኘ ጉዳዩ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።”

“ምስክር ማን አለኝ?”

“አብሮት የነበረው ቬላፊ ብቻ ነው። እሱም የኩባንያውን ቃል ደግፎ ፈርሟል።”

ቬላፊ ከላንጋ ጋር ስድስት ዓመት አንድ ክፍል ያደረ ጓደኛው ነው። ቶኮዚሌ ይኼን ስትሰማ እጇ ወደ እስክሪብቶው ሄደ። ጠበቃዋ ናት “መጀመሪያ አማትሽ ልጃቸውን ያምጡ” ብላ ያስቆመቻት።

ወደ ማዕድኑ የወረዱት አምስት ሆነው ነው፦ ምዲንጊ ከነቅርንጫፉ፣ ቶኮዚሌ፣ የኩባንያው የደኅንነት ኃላፊ፣ መንገድ እንዲያሳይ የታዘዘው ቬላፊ፣ እንዲሁም ናይዱ የሚባል የመንግሥት ተቆጣጣሪ። ከታች ሙቀቱ ፊት ላይ ይለጠፋል። ኃላፊው የዛገ ሰንሰለት ጋ ቆመና በባትሪው ወደ ማዶ አመለከተ።

“እዚህ ነው።”

ምዲንጊ ሰንሰለቱን ተሻገረ። “ላንጋ፣ አባትህ ነኝ። ና እንሂድ።”

ሟች ሲመጣ ቅርንጫፉ ውሃ እንደ ጠጣ ልብስ ይከብዳል። አሥራ አራት ጊዜ ከብዶታል። አሁን ግን ሦስት ጊዜ ተጣርቶ ቅርንጫፉ ገለባ ሆኖ ቀረ። ሽማግሌው ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነው። እዚህ ማንም የለም።

ዞሮ ሰንሰለቱን ወደዚህ ተሻገረና ቀስ እያለ በመጣበት ተመለሰ። ሌሎቹ ተከተሉት። አርባ እርምጃ ያህል እንደሄደ እጁ ድንገት ወደ መሬት ተሳበ፣ እሾሁ መዳፉ ውስጥ ገባ።

“እዚህ ነህ ለካ” አለ።

ግድግዳው በቅርቡ ኖራ ተቀብቷል። ጣራውን የያዙት ምሰሶዎች አዲስ ናቸው፣ ከግንዳቸው ሙጫ ይወርዳል። ናይዱ ሙጫውን በጣቱ ነካው።

“ይኼ እንጨት መቼ ቆመ?”

“የዘወትር ጥገና ነው” አለ ኃላፊው። “ሽማግሌው ደክሟቸዋል፣ እንውጣ። ለመሆኑ ቅርንጫፍ ከመቼ ወዲህ ነው ምስክር የሆነው?”

“ባባ፣ እዚህ ለምን እንደቆሙ ይንገሩኝና ልጻፈው” አለ ናይዱ።

“አይናገሩም ጌታዬ” አለች ቶኮዚሌ። “ከተናገሩ ባሌ እዚህ ይቀራል።”

ምዲንጊ ወደ ቅርንጫፉ ጎንበስ አለ። “ላንጋ፣ ልጄ፣ ከማን ጋር ነበርክ?”

“ከኔ ጋር” አለ ከኋላቸው አንድ ድምፅ።

ሁሉም ዞሩ። ቬላፊ ነው። የራስ ቁሩን አውልቆ እጁ ላይ ይዟል፤ ዓይኑ ከቅርንጫፉ ላይ አይነቀልም።

“እዚህ ነው የወደቅከው። ምሰሶ የለም ብንላቸው አለቆቹ ‘ዝም ብላችሁ ቆፍሩ’ አሉን። እግርህን ይዤ ወደ ሰንሰለቱ ማዶ የጎተትኩህ እኔ ነኝ። ገና ሙቅ ነበርክ።”

“ቬላፊ!” ጮኸ ኃላፊው።

ቬላፊ ከእንቅልፉ እንደ ባነነ ሰው ዙሪያውን አየ። ናይዱ ጠጋ አለው። “ያልከውን ጉባኤ ፊት ምለህ ትደግመዋለህ?”

“ምን አልኩ? እኔ ምንም አላልኩም።”

“ለሞተ ሰው የተወራ ወሬ ቃል አይሆንም” አለ ኃላፊው። ናይዱም አንገቱን ደፋ፤ ካልተማለበት ብዙ እንደማያስኬድ ያውቃል።

ምዲንጊ ቅርንጫፉን በሁለት እጁ ያዘ። ልጁ እጁ ላይ ነው፣ ክብደቱ ይሰማዋል። ይዞት ቢወጣ በማግስቱ ቤቱ ይገባል፤ የሞተበት ምክንያት ግን እዚህ ጉድጓድ ውስጥ በኖራ ተለስኖ ይቀራል።

“ላንጋ” አለ በመጨረሻ፣ “ቤት እንሂድ ብዬህ ነበር። ትንሽ ቆይ። ጓደኛህ ቃሉን እስኪጨርስ መንገድ አንጀምርም፤ ለሰው ቢናገርም ከሱ አትለይ። ሲበላም፣ ሲተኛም አብረኸው ሁን።”

ቅርንጫፉን ቬላፊ እጅ ላይ አኖረው። የቬላፊ ክንድ ወደ ታች ወረደ።

ፀሐይ ላይ እንደ ወጡ ቶኮዚሌ ጮኸችበት። “ባባ፣ የሰዉን ሁሉ ልጅ መልሰው የራስዎን ጣሉት! ለልጆቼ ምን ልበላቸው?”

ምዲንጊ እጁን አየ፤ ባዶ ነው። አሁን እንደ ማንም ሰው መናገር ይችላል።

“ወረቀቱን አትፈርሚ” አላት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሦስት ሳምንታት ክፉ ነበሩ። መንደሩ ውስጥ “ሽማግሌው ዘንድሮ ባዶ እጃቸውን ገቡ” ይባል ጀመር። እሱም ራሱ ፈርቶ ነበር። ቬላፊ ቅርንጫፉን ቦይ ውስጥ ቢወረውረውስ? ልጄን በገዛ እጄ ጣልኩት እያለ ደጁ ላይ ተቀምጦ ያነጋ ነበር።

በጉባኤው ቀን ቬላፊ መጣ። ከስቷል፣ ብብቱ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ምሎ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ተናገረ፤ ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደጎተተ፣ ኖራውን ማን እንደቀባ። የኩባንያው ጠበቃ ለምን አሁን ሐሳቡን እንደቀየረ ጠየቀው።

“አልጋዬ ጠበበኝ” አለ ቬላፊ። “ግድግዳውን ተጠግቼ ነው የምተኛው።”

አዳራሹ ውስጥ የሳቀ የለም። ጥፋቱ የላንጋ እንዳልሆነ ተጻፈ፣ ፋይሉም ወደ ዐቃቤ ሕግ ተላለፈ። ቬላፊ በዚያው ሳምንት ከሥራ ተባረረ።

ቬላፊ በተባረረ በአራተኛው ቀን ጠዋት ምዲንጊ ደጁ ላይ ተቀምጦ ሳለ አንድ ሰው ዳገቱን በእግሩ ሲወጣ አየ። ቬላፊ ነው። ሽማግሌው ብድግ አለ፣ ሰላምታ አፉ ድረስ መጣና ዋጠው። ቬላፊም ቀና ብሎ አላየውም፤ ከንፈሩ ደርቋል፣ በእሾህ የተቧጨሩ እጆቹ ቅርንጫፉን ከደረቱ አጣብቀውታል።

“ላንጋ፣ አጥሩ ጋ ደርሰናል” አለ ሲቃረብ። “አባትህ ቆመዋል።”

ምዲንጊ ከመንገዱ ገለል ብሎ እስኪያልፉ ጠበቀ። ከቤት ውስጥ “ይኸው ገባህ” የሚለውን የቬላፊን ድምፅ ሲሰማ አጥሩን ይዞ አለቀሰ።