ፍሬን የለውም ያልኩበት ቀን

በመተማ ቆላ ያንን ሎሪ ከእኔ በቀር ማንም ማስነሳት አይችልም ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራ የምለው ሌላ ብዙ አለኝ። ሎሪው እኔ ሱሪ መታጠቅ ሳልጀምር የተሠራ ነው። በሩ በገመድ ይታሰራል፣ መስታወቱ ከረገፈ ቆይቷል፣ ሞተሩ ጠዋት ጠዋት እንደ አኩራፊ ሰው ካልለመኑት አይናገርም። እኔ ግን ጠባዩን አውቃለሁ። የቱ ብሎን እንደላላ ከድምፁ ለይቼ እነግርሃለሁ።

ባለቤቱ አንድ ሽማግሌ የመተማ ነጋዴ ነበሩ። መካ ደርሰው የተመለሱ ስለሆነ አገሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። እኔ የጎጃም ሰው ነኝ፤ ለጥጥ ለቀማ ቆላ ወረድኩ፣ ከዚያ ድንበሩን ተሻግሬ ገዳሪፍ ገባሁና አንድ ጋራዥ ውስጥ ሙያውን ለመድኩ። ሐጂ ሎሪውን ከዚያ ሲገዙ እኔንም አብረው ይዘውኝ መጡ። «መኪናው ያላንተ ብረት ነው፣ አንተም ያለ መኪናው ጥጥ ለቃሚ ነህ» ይሉኝ ነበር እየሳቁ። ቀልዳቸው እውነት ስለነበር አልስቅም።

ጣሊያን መተማን ከያዘ በኋላ የጎንደሩ መንገድ ዳገት በሚጀምርበት ቦታ ኬላ ተከለ። በዚያ መንገድ የሚሠራ መኪና ሁሉ በየጊዜው እየቀረበ ይመረመራል፤ መብራቱ፣ ክላክሱ፣ መሪው፣ ጎማው፣ ከሁሉም በላይ ፍሬኑ። መርማሪው ቀይ አንገት ያለው መኮንን ነው። ሎሪው ጭኖ፣ ሰውም አሳፍሮ፣ ልክ እንደ ሥራ ቀኑ ሆኖ ዳገቱ ወገብ ላይ ይቆማል። ወደ ኋላ ካልተንሸራተተ አለፈ፤ በሩ ላይ ነጭ ቀለም ይቀባለታል። ከተንሸራተተ ይመለሳል፤ ሦስተኛ ጊዜ ከተንሸራተተ ግን በጎንደሩ መንገድ ላይ ዳግመኛ እንዳይታይ ይባላል።

እኛ ሁለት ጊዜ ወድቀናል። ሐጂም ቁርጡን ነግረውኛል፤ አሁን ከወደቀ ሎሪውን ይሸጡታል። ያንን የሚገዛ ደግሞ ቀጥቃጭ ብቻ ነው፤ ማረሻና መጥረቢያ ያደርገዋል።  እኔን ሰው ያደረገኝ ያ ብረት ነው።

ጉዱ ያለው የፍሬን ሸራው ላይ ነበር፤ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ከበሮ ከውስጥ እየታከከ ጎማውን የሚይዘው ማለቴ ነው። አልቆ አልቆ ብረት ከብረት ይፋጭ ነበር። አዲስ ሸራ ከአስመራ ካልሆነ አይገኝም፤ ከአስመራ ደግሞ ለእኛ ብሎ የሚልክልን የለም። ስለዚህ የግመል ቆዳ ፈለግሁ፤ ያውም የአንገቱን፣ ወፍራሙን። አልፍቼ፣ ደራርቤ፣ ትልቅ ድንጋይ ጭኜበት እንደ ጣውላ እስኪጠነክር ተውኩት። ከዚያ በልኩ ቆርጬ፣ ከተቀደደ የመዳብ ድስት ሚስማር አውጥቼ ሸራው በሚለጠፍበት ብረት ላይ ቀጠቀጥኩት። በዚያ አገር ሰሊጥ የማይነካው ነገር የለም፤ ራስም ወጥም በር ማጠፊያም በሰሊጥ ዘይት ነው የሚኖረው። አንዲት ጠብታ ቅባት ሸራው ላይ ካረፈች ደግሞ ፍሬን ብሎ ነገር አለቀ። ሥራውን እስክጨርስ ድረስ ወደ ሎሪው የሚጠጋውን ሁሉ መዳፉ ሰሊጥ አለመሽተቱን በአፍንጫዬ ሳላረጋግጥ አላስቀርብም ነበር። ሰዉ አበደ አለኝ። ይበል።

ሐጂ መጥተው ቆዳውን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ይህ ነው እንግዲህ?» አሉ።

«ይህ ነው ሐጂ። ሲግል ትንሽ ይሸታል። ሎሪውን ግን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል።»

«ኢንሻአላህ» አሉና ሄዱ። ከንግግራቸው ያላመኑ ሰው እንደነበሩ ገብቶኛል። እኔ እንደሆንኩ እንቅልፌን ጠግቤ ተኛሁ።

የምርመራው ቀን በጋው ሊያልቅ የተቃረበበት፣ ሙቀቱ አላስቀምጥ ያለበት ወቅት ነበር። በድንበሩ ላይ ወታደር በዝቷል፤ ከእንግሊዝ ጋር ውጊያ ይነሳል የሚል ወሬም በየሱቁ ይወራል። እኔ ወሬውን ከቁብም አልቆጠርኩት። የሐጂን ጥጥ ጫንኩ፣ ከላይ የዘወትር ተሳፋሪዎቻችንን አወጣሁ፤ ከጎጃምና ከወሎ ለሥራ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ሳንነሳ በፊት፣ «ዛሬ ማንም እንዳይወርድ! ማንም ምንም እንዳይነካ! የያዘው ፍሬኑ መሆኑን ፈረንጁ በዓይኑ ይይ» ብዬ አስጠነቀቅሁ። ሁሉም «እሺ» አሉ። ሐጂ ልባቸው አልችል ብሏቸው ኖሮ ዳገቱ አናት ላይ ሊጠብቁን በእግራቸው ቀድመው ወጡ።

ከእኛ በፊት ሁለት ሎሪዎች ተፈትነው አለፉ። ነጭ ቀለማቸውን ተቀብተው ወደ አናቱ ሲወጡ በቅናት ተመለከትኳቸው። ተራዬ ሲደርስ በአንደኛ ማርሽ ወጣሁና መኮንኑ እጁን ባነሳበት ቦታ ላይ ፍሬኑን ረገጥኩ።

ቀጥ!

እንዲያ ያለ ደስታ በሕይወቴ ደጋግሜ አላየሁም። ያ ሁሉ ጥጥ፣ ያ ሁሉ ሰው ተጭኖ ስንዝር እንኳ አልተንሸራተተም። እግሬ ሥር ቆዳው ሲነክስ ይሰማኛል። ወደ መኮንኑ ዞሬ ፈገግ ልል ስል ከኋላዬ ዱብ ዱብ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ተሳፋሪዎቼ ናቸው። በእኛ ሎሪ ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ጭኑ ላይ ድንጋይ ይዞ ነው የሚሄደው። ዳገት ላይ የሞተሩ ድምፅ ዝግ ሲል ማንም ሳያዛቸው ይዘሉና ጎማው ሥር ይሸጉጣሉ። በቆላው ያረጀ ሎሪ የሚኖረው በዚህ ነው፤ እነሱም በሕይወት የቆዩት በዚህ ነው። ማስጠንቀቂያዬን ሰምተዋል፣ እሺም ብለዋል። ድምፁ ዝግ ሲል ግን እግራቸው ከእነሱ ቀድሞ ዘለለ። ወርጄ ሳይ አራቱም ጎማ ሥር ድንጋይ ተደርድሯል፤ አንዱ ወሎዬ ደግሞ ላቡን እየጠረገ፣ «ደርሰንልሃል፣ አይዞህ!» ይለኛል።

«እናንተ ከይሲዎች! ምን አልኳችሁ? ምን ነበር ያልኳችሁ?» ብዬ ጮህኩ። ደነገጡ። መኮንኑ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ፊቱ እንደ አንገቱ ቀላ። አስተርጓሚው ከሐማሴን የመጣ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር ነው። «ፍሬን ካለው ድንጋዩ ለምንድን ነው ይላል» አለኝ።

«ፍሬን አለው! ድንጋዩ ይነሳና እንደገና ይየኝ በለው። ካልያዘ አንገቴን ይቁረጠው።»

አስተርጓሚው ነገረው። መኮንኑ ሰዓቱን አየት አደረገና ትከሻውን ነቅንቆ በእጁ፣ በል ቀጥል የሚል ምልክት ሰጠኝ። ደስታዬ ተመለሰ። ድንጋዮቹን በእግሬ ልገፋ ስል ሐጂ ከላይ እየሮጡ ሲወርዱ አየሁ። በዚያ ዕድሜያቸው ይሮጣሉ፤ ጥምጥማቸው ተፈትቶ ትከሻቸው ላይ ወድቋል። ደርሰው ክንዴን ያዙና በጆሮዬ በዓረብኛ፣ «ያለፉትን ሎሪዎች ጭነት እያወረዱ ነው። ለጦሩ ወስደዋቸዋል። ሾፌሮቹንም ጭምር» አሉኝ።

ቀና ብዬ ወደ አናቱ ተመለከትኩ። እውነት ነው። የጫኑት የሰሊጥ ጆንያ መሬት ላይ ተዘርግፏል፣ ወታደሮች የጥይት ሣጥን እየጫኑ ነው። የአንደኛው ሎሪ ሾፌር እጁን ነጩ ቀለም ላይ ጭኖ ቆሟል። የማውቀው ሰው ነው፤ አብረን በልተናል። ውጊያው ሲጀመር ከሎሪው ጋር ሄዶ ቀረ።

«ምን ሆነ?» አለ አስተርጓሚው። «ጌታው ይጠብቃል እኮ። አለው ወይስ የለውም?»

እግዜር ያሳያችሁ። በእጄ ያለፋሁት ቆዳ፣ አንድ በአንድ የቀጠቀጥኩት ሚስማር፣ ከበሮው ውስጥ ሆኖ ሎሪውን ይዞልኛል። ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። 

«የለውም» አልኩ።

«ምን?»

«ፍሬን የለውም። ድንጋዩ ነው የያዘው።»

አስተርጓሚው ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ቅድም አንገቴን ይቁረጠው ስትል አልነበር?»

«ቅድም ስሜ እንዳይጠፋ ብዬ ነው።»

ለመኮንኑ ሲነግረው እጁን አወራጭቶ ረጅም ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው ሁሉንም አልተረጎመልኝም፤ ደግነቱ ይሆናል። «እንዲህ ያለ ሠራተኛ እረኛም አይሆን ይላል። ውሰድልኝ፣ በዚህ መንገድ ሁለተኛ እንዳላየው ይላል» ብቻ አለኝ። «እሺ ጌታዬ» አልኩ። በዕድሜዬ እንደዚያች «እሺ» የመረረኝ የለም። እረኛ አይሆን! ፊቴን አዙሬ ሎሪው ላይ ወጣሁ።

ችግሩ መውረዱ ላይ ነው። መኮንኑ ቆሞ ያያል፤ ስለዚህ ፍሬን የሌለው መኪና እንደሚወርድ አድርጌ ወደ ኋላ መውረድ አለብኝ። ተሳፋሪዎቹ አንድም የሚሳፈር ጠፋ፤ ድንጋያቸውን አቅፈው ከኋላና ከጎን ተሰለፉ። ሐጂ ግን በሩን ያሰርኩበትን ገመድ ፈቱና አጠገቤ ገብተው ተቀመጡ። «ይውረዱ ሐጂ፣ በእግርዎ ይሻላል» አልኳቸው። ለማስመሰሉ እንዲረዳኝ ብዬ እንጂ ምንም እንደማይሆኑ አውቃለሁ። «ንዳ» አሉኝ።

በኋላ ማርሽ፣ ሞተሩ እያቃሰተ፣ ቀስ እያልኩ ወረድኩ። ጥቂት ስሄድ ድንጋይ ይሸጉጣሉ፣ ያነሳሉ፣ ደግሞ ይሸጉጣሉ። እግሬ ፍሬኑን ለመርገጥ ያሳክከኛል፤ አንድ ጊዜ ባሳየው፣ አንድ ጊዜ ብቻ! ሐጂ መቀመጫውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ወደ ፊት ብቻ ያያሉ። ከዳገቱ ግርጌ ደርሰን አዞርኩና ወደ ኮኪት በሚወስደው የእርሻ መንገድ ገባሁ። በዚያ መንገድ ኬላ የለም፤ ከዚያ ወዲያ የምንሠራውም በዚያ ሆነ።

ተሳፋሪዎቹን ወደ ኋላ ትተን ከኬላው ዓይን ስንርቅ የቆላው ሰው ኮር የሚለው ውሃው የደረቀ ወንዝ አለ። መውረጃው ገደል ቢባል ይቀላል። እዚያ ጫፍ ላይ ስደርስ ከዚያ በላይ መታገሥ አቃተኝ። ማርሹን ለቀቅሁት። ሎሪው እንዳለ ቁልቁል ተወረወረ፣ ሐጂ «ያ ረቢ!» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ቁልቁለቱ መሐል ላይ ስንደርስ ፍሬኑን ረገጥኩት።

ቆመ። የቆዳው ሽታ አፍንጫችን ገባ። ሌላ ምንም ድምፅ አልነበረም።

ሐጂ ዓይናቸውን ገልጠው መጀመሪያ ጎማውን፣ ቀጥሎ እግሬን አዩ። «ያዘ» አሉ ቀስ ብለው።

«ይይዛል እንጂ! የኔ ሥራ እኮ ነው» አልኩ። ይህን ብዬ ግን ቅድም የዋጥኩት ሁሉ ተናንቆኝ እንባዬ መጣ። «ለዚያ ፈረንጅ ውሸቴን ነው የለውም ያልኩት። አንቱ አውቀዋል ብዬ ነበር።»

«ምን አውቄ?» አሉ። «ቁልቁል ስመጣ ድንጋዩን አየሁ፣ አንተም የለውም ስትል ሰማሁ። የለውም ብዬ አመንኩ።»

ዞሬ አየኋቸው። እጃቸው መቀመጫውን ገና አልለቀቀም ነበር።

«የለውም ብለው ካመኑ ታዲያ ምን ሊሆኑ ተሳፈሩ?»

«አንተ ሎሪው ውስጥ ነበርክ እኮ» አሉኝ።