የተነከሰው ቅጠል

አበባ እላት ነበር እንጂ አብባ አታውቅም። ሰፋፊ ቅጠሏ ነጭ ዥጉርጉር ያለበት፣ ወረታ ከተማ ውስጥ ከየበረንዳው የማትጠፋ የቤት ተክል ናት። በቀለም ባልዲ ተክያት፣ ቅጠሏን በእርጥብ ጨርቅ እየወለወልሁ አሳድጌያታለሁ። ዛሬ ሰው ቤት ሳያት ከሰላምታ ቀጥሎ የምጠይቀው «ውሻ አላችሁ?» ብዬ ነው።

አንድ ክረምት ውሃው የፎገራን ሜዳ ሞልቶ እስከ አባቴ ደጅ ድረስ መጣ። እሳቸውም ከብቶቹን ከፍ ያለ ቦታ ላሉ ዘመዶች አሻግረው፣ ውሻቸውን አስከትለው እኔ ዘንድ ገቡ። በረቱን ለሌባም ለጅብም ያላስደፈረ ውሻ ነው። ከተማ ሲገባ ግን መንገደኛው ሁሉ ሌባ መሰለው። ጎረቤት እንዳይነክስብኝ ብዬ በገዛ እጄ የበረንዳው ቋሚ ላይ አሰርሁት፤ ከአበባዬ አጠገብ። ታስሮ የማያውቅ ፍጡር ምን ያድርግ? መጥረጊያዬን ሳይቀር ያኝክ ጀመር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ለሃጩ መሬት ድረስ ሲንጠባጠብ አገኘሁት። አፉ አብጧል፤ ድምፁም ታፍኗል። ውሃ ሳቀርብለት አፉን ነክሮ አወጣው፤ አልዋጠም። ክው አልሁ። የአራት ዓመት ልጄ ትናንት አንገቱን አቅፋ ስትጫወት ውላለች።

«አብዷል!» ብዬ ጮኽሁ።

አባቴ ቁጢጥ ብለው ብዙ አዩት። «ያበደስ አይዶለም፣ ልጀ። ያበደማ ጌታውን መች ያውቃል? አፉን ነው ያመመው። ጓሮ እንሰረውና አንድ ሁለት ቀን እንየው።»

«ልጄን ሲነክሳት ነው የምናየው፣ አባየ? ዛሬውኑ ያስወግዱልኝ!»

አባቴን እንደዚያ ተናግሬያቸው አላውቅም። ጩኸቴን ሰምተው የመጡት ጎረቤቶችም ከእኔ ጋር ወገኑ። አባቴ ገመዱን ከቋሚው ፈትተው፣ ጠመንጃ ካለው ጎረቤታችን ጋር ወደ ወንዙ ወሰዱት። ተኩሱን ኩሽና ሆኜ ሰማሁ። እፎይ አልሁ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

በማግስቱ በረንዳውን ሳጥብ የአበባዬን ባልዲ ገፋ አደረግሁት። በግድግዳው በኩል የነበረው ትልቁ ቅጠል ግማሹ የለም። የቀረው ላይ የጥርስ ምልክት አለ። የቅጠሉ ፈሳሽ የነካው ጣቴ ያሳክከኝ ጀመር። ቅጠሉን በፌስታል ይዤ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድሁ።

«ይህን ያኘከ ውሻ አፉ ይቃጠላል፤ ያብጣል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል» አለኝ። «መዋጥም ያቅተዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን በአንድ ሁለት ቀን ይሻለዋል። ያምጡትና ልየው።»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ግን የምለቅመውም አልነበረኝም።

ተክሏን ነቅዬ ጣልኋት። ለአባቴ መንገሩ ግን ከበደኝ። ዛሬ ነገ ስል ውሃው ጎደለ፤ እሳቸውም ወደ ሩዝ ማሳቸው ሊመለሱ ተነሡ። ያን ጊዜ እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ነገርኋቸው። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ይሁን» ብለው ዱላቸውን አነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ያን ለት ገመዱን ስፈታው» አሉኝ፣ ሳይዞሩ፤ «ወደ ቤታችን የምንመለስ መስሎት ጭራውን ቆላልኝ።»