እትዬ ዘነበችን የጃፓን ሥዕል ላሳይ የወሰድኩ ቀን

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፍራንክፈርት ካለው ሰፈራችን ከኖርድቬስትሽታት የተነሳሁት ጎረቤቴን እትዬ ዘነበችን ከቤታቸው ለማራቅ ነው። አገር ቤት የቀረው ወንድ ልጃቸው ግንባር ላይ ሞቷል፤ አስከሬኑም አልተገኘም። እኛ ሁላችን ሰምተናል፣ ያልሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው። መርዶ እንደ ወጉ ማለዳ ተሰብስበው ሄደው ነውና የሚያረዱት፣ ለእሁድ ጠዋት ተቀጠረ። እስከዚያ ወሬው እንዳይደርሳቸው ሴት ልጃቸው “ላሠራልሽ” ብላ ስልካቸውን ወሰደች። እሳቸውን ይዞ መዋል የኔ ድርሻ ሆነ።

ማይን ወንዝ ዳር ካሉት ሙዚየሞች በአንዱ የጃፓን ሥዕል እንደሚታይ የሚናገር ማስታወቂያ አይቼ ነበር፤ አበባ ያጨናነቀው ዛፍ ያለበት። ለእሳቸው ከዚህ የተሻለ አይገኝም ብዬ ተደሰትኩ። ቂል ነኝ።

ከኡ-ባኑ፣ ከምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ሽቫይሰር ፕላትስ ጣቢያ ወርደን ብሬትሰል የሚሉትን ጨዋማ ዳቦ ገዛሁላቸው፤ ሁለት ዩሮ ከምናምን። ሳይቀምሱት ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሰማዩም ወንዙም ግራጫ ነበር።

ስንገባ ሥዕሉ ሁሉ ጦርነት ነው። መጀመሪያ ቤተ መንግሥት የሚያቃጥሉ የጥንት ፈረሰኞች። ቀጥሎ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሳሉት፦ የወታደሮቹ ልብስ እንኳ አልቆሸሸም፣ አንድም የቆሰለ የለም። አስጎብኚዋ፣ ጀርመንኛ የምታቀላጥፍ ጃፓናዊት፣ ያን ጊዜ የሚረግፈው አበባ በለጋነቱ የሚሞት ወታደር ምሳሌ እንደነበር ነገረችን። የማስታወቂያው አበባ ትዝ ሲለኝ እትዬ ዘነበችን ወደ ቀጣዩ ክፍል አጣደፍኳቸው።

የመጨረሻው ክፍል ያሉት ከጦርነቱ በኋላ የተሳሉት ናቸው። አንዲት እናት በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ሣጥን ታቅፋለች። አስጎብኚዋ አስከሬኑ ላልተገኘ ወታደር ሣጥኑ ውስጥ በአጽሙ ፋንታ ድንጋይ ተደርጎ ይላክ እንደነበር አስረዳች።

“ምን አለች?” አሉኝ እትዬ ዘነበች።

“ፎቶውን ነው የላኩላት አለች።”

“ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ አገር ሆስፒታል ሠርቼ ጀርመንኛ ይጠፋኛል? ድንጋይ ነው ያለችው።”

“እንውጣ እትዬ” አልኩ። አልተንቀሳቀሱም። ሣጥኑን ረጅም ጊዜ አዩት።

ወደ ቤት ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ ተናገሩ።

“ስልኬን ወሰዳችሁ። አንተ ደግሞ፣ ስንኖር ስንኖር አንድ ቀን የት ይዘኸኝ ወጥተህ ታውቃለህ? የቀጠራችሁት ቴርሚን ነገ ጠዋት ነው?”

የምንወርድበት ጣቢያ ስንት እንደቀረው መቁጠር ጀመርኩ።

“ለሷ ድንጋይም ቢሆን አመጡላት። እናንተ ምን ይዛችሁ ነው የምትመጡት?”

ከዚህ መንገድ ያገኘሁት ትምህርት ይኸው ጥያቄ ብቻ ነው። ጃፓን ስንት ሠዓሊ ደክሞበት አልመለሰውም፤ እኔም ባዶ እጄን በራቸው ድረስ ሸኘኋቸው።

ቁልፋቸውን ሲፈልጉ ብሬትሰሉን አገኙትና መለሱልኝ።

“ነገ አታንኳኩ” አሉኝ። “በሩን አልዘጋውም።”