በወንፈል ያልታጨደው ገብስ

ባለፈው ኅዳር ልጄ ስንዴውን በኮምባይነር ሲያሳጭድ እኔ ከማሳው ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከአሰላ የመጣው ማሽን ጠዋት ገብቶ ምሳ ሳይደርስ ጨርሶ ወጣ። የልጅ ልጄ አጠገቤ ቆማ፣ "አባባ፣ ድሮ ይሄን ሁሉ ማን ነበር የሚያጭደው?" አለችኝ።

"በወንፈል ነበር" አልኳት። ዛሬ እኔ ላንተ አጭዳለሁ፣ ነገ አንተ ለኔ ታጭዳለህ። ጉልበቱን ያልሰጠ ሰው አይቀበልም። እሷ ወዲያው ረስታው ወደ ማሽኑ ሮጠች፤ እኔ ግን ሐሳብ ይዞኝ ሄደ።

ጢሜ ማጎጥጎጥ ሲጀምር አባቴ ሞቶ፣ ከጭላሎ ግርጌ ባለችው እርሻችን ላይ እኔና እናቴ ብቻ ቀርተን ነበር። ጌታን ከተቀበልኩ ዓመት አልሞላኝም። እምነቴ ታዲያ ፍርሃት ይበዛበት ነበር። አንድ ቀን ጸሎት ካመለጠኝ እግዚአብሔር ፊቱን ያዞረብኝ ይመስለኛል። በመስከረም ጭቃ ፈረስ ጥሎኝ እግሬ ሲሰበርም፣ ምን አጉድዬበት ይሆን እያልኩ ነበር የማስበው።

ወጌሻው እግሬን በቀርከሃ ጠፍሮ አስተኛኝ። እኔ እንደተኛሁ ገብሱ ደረሰ። የዚያን ዓመት ጥቅምት ደግሞ ደመናው አልሄድ አለ፤ ከሰዓት በኋላ በጭላሎ በኩል ይጠቁርና ያጉረመርማል። በረዶ ከወረደ የዓመት ቀለባችን ማሳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ወንፈል እንዳልጠይቅ የምመልስበት እግር የለኝም።

አንድ ማለዳ ግቢያችን ውስጥ የሰው ድምፅ ሰማሁ። ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ የሆኑት ጎረቤታችን ኦቦ ቱፋ ልጆቻቸውን አስከትለው፣ ማጭድ ይዘው መጥተዋል።

"ኦቦ፣ እኔ እኮ መመለስ አልችልም" አልኳቸው ከተኛሁበት።

"ማን ጠየቀህ?" አሉኝ በበሩ አንገታቸውን አስግገው። "ገብስህ ቆሞ አንተ ተኝተሃል። ዛሬ እሱን እናስተኛው፤ አንተን ደግሞ ጌታ ያቆምሃል።"

ልጆቻቸው ሳቁ። እናቴ እንባዋን እየጠረገች ውሃ ልትቀዳላቸው ወጣች። በማግስቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገብሱ ተከመረ። በረዶው የወረደው ከዚያ በኋላ ነው።

ታኅሣሥ ላይ እያነከስኩ መሄድ ስጀምር፣ ማንም ሳይጠራኝ ገና በጎህ የኦቦ ቱፋ ስንዴ ውስጥ ገባሁ። ረፈድ ሲል እሳቸውና ልጆቻቸው መጡ፤ በቅቤ የታሸ ጭኮና ወተት ለቁርስ ቀረበ። እኔ ቀና አላልኩም። ትልቁ ልጃቸው፣ "ኧረ ተው፣ ስንዴው አያመልጥህም" እያለ ይቀልድብኛል። እግሬን ይጠዘጥዘኛል፤ ጥርሴን ነክሼ አጭዳለሁ።

ኦቦ ቱፋ መጥተው ማጭዱን ከእጄ ወሰዱት።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"የእርስዎን ልመልስ ነው።"

"እኔ በወንፈል አላጨድኩልህም። ለመመለስ ከመጣህ ወደ ቤትህ ሂድ።"

ደነገጥኩ። "ካልመለስኩ በምን ዐይኔ አይዎታለሁ?"

"ክርስቶስንስ በምን ዐይንህ ልታየው ነው? እሱም በወንፈል አልሞተልህም። ስትጸልይም እንደዚሁ ጥርስህን ነክሰህ ነው፤ አይቼሃለሁ።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ና፣ መጀመሪያ ብላ። ደስ ካለህ አብረን እናጭዳለን። ካላለህም ተጫወት፤ ልጄ ነህ።"

አጠገባቸው ተቀምጬ በላሁ። ከዚያ ተነስቼ ማሳው ውስጥ ገባሁ። ያው ስንዴ፣ ያው የሚያመኝ እግር ነው። ግን ትልቁ ልጃቸው መዝሙር ሲያወጣ እቀበለው ጀመር፤ ሲደክመኝም ተቀመጥኩ፣ ማንም ምንም አላለኝ።

አመሻሽ ላይ ከወንዙ ማዶ የአደ ዘይነባ ስንዴ ሳይታጨድ ቆሞ አየሁት። ባላቸው የሞቱባቸው ሙስሊም እናት ነበሩ። በነጋታው ማንም ሳይልከኝ ማጭዴን ይዤ ሄድኩ።

"እኔ ምን ልክፈልህ፣ ልጄ?" አሉኝ ግራ ገብቷቸው።

"ምንም፣ እማማ። ለኔም ታጭዶልኝ ነው" አልኳቸው።

አሁን ያን ያህል ጉልበት የለኝም። የታመመ እጠይቃለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ እጠርጋለሁ። ወጣቶቹ፣ "አባባ፣ ይረፉ እንጂ፤ የእርስዎ ዋጋ እንደሆነ በሰማይ ተቀምጧል" ይሉኛል። ለዋጋ እንዳልሆነ ላስረዳቸው እሞክራለሁ፤ ብዙ አልተማርኩምና አሳምሬ አልናገረውም። ስለዚህ መጥረጌን እቀጥላለሁ። ሲደክመኝ ከዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ እላለሁ። ቁጭ ማለቴ አያስፈራኝም።