«ድካም ነው» ያልነው

ክላሪስ ቲቦዶ ግራ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ወደ ቤቷ የተመለሰችው በጥር መጨረሻ፣ ወንዛችን ከዳር እስከ ዳር በረዶ ሆኖ በደረቀበት ሳምንት ነው። የዚያን መንገድ ፖስታ የማድለው እኔ ስለነበርኩ፣ ባሏ ሮዜር ደግፎ ከመኪና ሲያወርዳት አይቻለሁ። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ድንች ስትለቅም ወገቤን ብላ ቀና ስትል ያያት የለም። የዚያን ዕለት ግን የደጇን ሦስት ደረጃዎች ለመውጣት ሁለቴ አረፈች።

ሐኪሙ ለሮዜር «ዕጢው ወጥቷል። የሚቀረው ድካም ነው፤ እሱ ደግሞ ወራት ሊፈጅ ይችላል» ብሎት ነበር። ይቺ ቃል በመንደሩ ተዛመተች። ቄሱም ድካም ነው አሉ፣ ጎረቤቱም ድካም ነው አለ፣ እኔም አልኩ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ቁስሏን የምታይላት ነርስ ትመጣ ነበር። «በቀን አንድ ሥራ ብቻ ይምረጡ» አለቻት። «ሳህን ካጠቡ ልብስ አይንኩ። ሰውነትዎ ሳይዝል በፊት ይረፉ። በየቀኑ ደግሞ እስከ ፖስታ ሳጥኑ ድረስ ይራመዱ።»

«ድሮ አንድ ማሳ ሙሉ እሄድ ነበር፣ የኔ ልጅ።»

«አሁን ማሳዎ ፖስታ ሳጥኑ ነው።»

ክላሪስ የተባለችውን አደረገች። አንድ ቀን ግራ ክንዷን ትራስ ላይ አሳርፋ ድንች ትልጣለች፤ በማግስቱ ፎጣ ታጥፋለች፤ ሌላውን ለባሏ ትተዋለች። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የሮዜርን ካፖርት ደርባ ሳጥኑ አጠገብ ትጠብቀኛለች። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቀለሟ ተመለሰ። ከሳጥኑ አልፋ እስከ እኛ አጥር መድረስ ጀምራ ነበር።

በየካቲት አጋማሽ ብርዱ ጠና። ክላሪስም ወደ ኋላ ተመለሰች። ራሷን ያማታል፣ ምግብ ይገፋታል፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ይዟት ይሄዳል። ሮዜር የመንደሩን በረዶ ጠራጊ መኪና የሚነዳ በመሆኑ በዚያ ሰሞን ቤት የሚገባው ለመብላትና ጥቂት ለማሸለብ ብቻ ነበር። ሲወጣ ሁልጊዜ ምድር ቤት ወርዶ ምድጃው ላይ እንጨት ይጨምራል፤ እንዳይበርዳት።

አንድ ጠዋት ደብዳቤዋን ስሰጣት እጄን ያዘች።

«እዚህ ስቆም ነፍሴ ትመለሳለች» አለችኝ። «ስገባ ግን አንድ ነገር መጥቶ ደረቴ ላይ ይቀመጣል። ለሮዜር እንዳትነግረው። ተመልሶብኛል መሰለኝ።»

«ምን ተመልሶ! ድካም ነው። ንጹሕ አየር ይስማማሻል ማለት ነው» ብያት መኪናዬን አስነሳሁ። በመስተዋቴ ሳያት አልገባችም። ቤቷን ፊት ለፊት እያየች ቆማለች።

በዚያው ሳምንት ምድር ቤት ምድጃው አጠገብ የምትተኛው ድመታቸው ሞታ ተገኘች። መሬቱ ስለማይቆፈር ሮዜር በጆንያ ጠቅልሎ እስኪሞቅ ድረስ ውጭ ከብረት ዕቃዎቹ ጋር አስቀመጣት። «ዕድሜዋ ነው» አለ። እሱንም ጠዋት ጠዋት ራሱን ይፈልጠው ነበር፤ ሐሳብ ነው ብሎ ተወው። ክላሪስ ግን የድመቷን ሞት ለራሷ እንደተላከ መልእክት ወሰደችው። የዚያን ቀን ከሰዓት ቁም ሣጥኗን ከፍታ ሰማያዊ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ከፊት ሰቀለች፤ መቀበሪያዬ ነው ብላ። የቀኑ ሥራዋ እሱ ነበር።

ሮዜር ፊቷን አይቶ ፈራና ታላቅ እህቱን ጠራ። ኦዲል ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዕድሜዋን በድንች መጋዘን የጨረሰች፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ ሴት። ገና በር ላይ ቆማ፣ «አንተ፣ ሚስትህን ምን ብታበላት ነው እንዲህ የሆነችው?» አለችው።

«እትዬ፣ ምንም አትበላም እኮ!»

«ያንተን ምግብ ማን ይበላል? በል ወደ በረዶህ ሂድ።»

ኦዲል መስኮቱን በጨርቅ ወተፈች፣ ሾርባ ሠራች፣ ምድጃውን ሞላች። በሁለተኛው ቀን እሷም ግንባሯን ይዛ ተቀመጠች። «እኔን ደግሞ ምን ነካኝ? መጥረቢያ የተሰካብኝ ይመስለኛል።»

«ካንሰሬ ተጋባብሽ» አለቻት ክላሪስ ከተኛችበት ሶፋ።

«ባልሽ ሠላሳ ዓመት አብሮሽ ተኝቶ ያልያዘው፣ እኔን በሁለት ቀን?»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ክላሪስን አደከማትና ዓይኗን ከደነች።

ሐሙስ ጠዋት የሰሜን ንፋስ ተነሣ። ኦዲል ለቁርስ ፕሎይ የሚባለውን ስስ ቂጣ ልትጋግር ሊጡን እየመታች ሳለ ጉልበቷ ከዳት። ሳህኑ ከእጇ አምልጦ ተሰበረ፤ እሷም ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ሆና ነው የክላሪስን ፊት ያየችው። የታመመች ሴት ፊት አመድ ይመስላል እንጂ እንዲህ አይቀላም። ኦዲል ይህን ቅላት ታውቀዋለች። ከሃያ ዓመት በፊት የፔልቲየር ቤተሰብ ሁለት ልጆች ለብርዱ ብለው የመጋዘኑን በር ዘግተው፣ የጭነት መኪናውን ሞተር ሳያጠፉ ሲሠሩ ቆይተው ነበር። ድንች ጆንያ ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ያገኘቻቸው እሷ ናት። ጉንጫቸው ቀልቶ ነበር።

«ክላሪስ፣ ተነሺ!»

«ተይኝ… ደክሞኛል።»

«ድካም አይደለም፣ ጭስ ነው! ተነሺ እልሻለሁ!»

«የምን ጭስ? ምንም አይሸትም።»

«እነሱንም አልሸተታቸውም!»

ክላሪስ መነሣት አልቻለችም። ኦዲል ያልተነካውን ቀኝ ጎኗን ብቻ ይዛ፣ አሥሬ እየወደቀች፣ ከነብርድ ልብሷ እስከ በሩ ጎተተቻት።

እኔ ፖስታ ይዤ ስደርስ ሁለቱ ሴቶች በረዶ ላይ ተቀምጠዋል፤ ክላሪስ በሌሊት ልብስ፣ ኦዲል ባዶ እግሯን። አብደዋል ብዬ ነበር። ኦዲል እያስመለሳት በእጇ ቤቱን አሳየችኝ፤ «ማንም እንዳይገባ!» አለች። መኪናዬ ውስጥ አስገብቼ መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ ነዳሁ። የክላሪስ ጭንቅላት በየመዞሪያው እንደ ሕፃን ይወዛወዝ ነበር። በመንገድ ላይ የሮዜርን መኪና አግኝቼ አስቆምኩትና ነገርኩት። መሐል መንገድ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ትቶት እኔ ጋ ገባ።

ሆስፒታል ኦክስጅን አደረጉላቸው። የእሳት አደጋ ሰዎች ሄደው ሲያዩ፣ የጭስ ማውጫው ጡብ ወደ ውስጥ ፈርሶ ቀዳዳውን ሊደፍነው ምንም አልቀረውም። ሽታ የሌለው መርዝ ወደ ቤት ሲመለስ ከርሟል። ብርዱ በጠና ቁጥር እሳቱ ይጨመራል፤ እሳቱ በተጨመረ ቁጥር መርዙ ይበዛል።

ሮዜር ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። «የጨመርኩት እኔ ነኝ» አለ። «እንዳይበርዳት ብዬ በእጄ የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

«ዝም በል» አለችው ኦዲል፤ ግን እጁን ይዛ ነበር።

ጭስ ማውጫው እስኪሠራ ክላሪስ ኦዲል ቤት ተቀመጠች። ከእንግዲህ ድካም የለም ብለን ነበር። ነበረ። የቀዶ ሕክምናው ድካም ከሥር ቆይቶ ኖሯል፤ እስከ ሐምሌ አጋማሽ አልለቀቃትም። «ያኛው ያንቀኝ ነበር፤ ይሄኛው ባዶ ጆንያ ያደርገኛል» አለችኝ። እንደገና በቀን አንድ ሥራ፣ እንደገና እስከ ሳጥኑ። የተለወጠው፣ የማንንም «ድካም ነው» አለማመኗ ነው። በሚያዝያ ትንፋሽ ሲያጥራት ሐኪሙ «ያልፋል» ቢላት፣ «ይህን የሚለኝ ሰው አላጣሁም፤ እርስዎ ይመርምሩኝ» ብላ ከወንበሩ አልነሣም አለች። መረመራት። ምንም አልተገኘም፤ እሷም አላፈረችም።

በመስከረም፣ ልጆች ድንች እንዲለቅሙ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ የጭነት መኪናውን በማሳው ዳር አንድ ሰዓት ያህል ነዳች። ከዚያ ደከማትና ወንበሩ ላይ ተኛች። ሮዜር ሥራውን ትቶ መጣ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረገ፣ ደረቷ ከፍ ዝቅ እስኪል አተኩሮ አየና ተመለሰ። በአንድ ከሰዓት ውስጥ አራት ጊዜ ሲመላለስ አየሁት። በጥቅምት ምርመራዋ ንጹሕ ነው ተባለ፤ በስድስት ወር ተመለሺ አሏት። ሮዜር ግን እሷ ባሸለበች ቁጥር ሄዶ ትንፋሿን ማየቱን አልተወም።