በስንጥቁ የገባ ቅቤ

ከቆሰበር የወጣን ለት ንጋት፣ አውቶቡሱ ጉም ውስጥ ቆሞ ሲያጓራ፣ እናቴ በጨርቅ የተጠመጠመ ጠርሙስ በመስኮት አቀበለችኝ። የላማችን ቅቤ ነው፣ ሳይቀመም የነጠረ። "ማስተዋልን ጠዋት ማታ ቀቢያት፤ የፈረንጅ አገር ብርድ ቆዳ ይበላል" አለች። ማስተዋል ልጄ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የክርኗና የጉልበቷ እጥፋት ይደርቃል፣ ይቀላል፣ ስታክ ታድራለች። እኛ ጋ ደግሞ ለዚህ ከቅቤ ሌላ ምን አለ?

ጀርመን ባሌ ቀድሞን ገብቶ ስለነበር ቤት ጠበቀን። ብርዱንስ እናውቀዋለን፣ የአዊ ልጆች አይደለን? የቆሰበር ብርድ ግን እርጥብ ነው። እዚህ ሃይትሱንግ የሚሉት የቤት ማሞቂያ አየሩን ያደርቀዋል፣ የልጄም ቆዳ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጠቀ። እኔም ቅቤውን አበዛሁት። አንድ ቀን አከራያችን፣ አሮጊቷ፣ በሩን አንኳኳች።

"ቤትሽ ውስጥ ምን ሞቷል?"

"ምንም አልሞተም፣ ቅቤ ነው።"

"ቅቤ የሚቀባው ዳቦ ላይ ነው።"

"እኛ ጋ ልጅም ይቀባል።"

"ውሉ ልጅ ይላል እንጂ ቅቤ አይልም" ብላኝ ወረደች። ተናደድኩ፣ ሲመሽ ደግሜ ቀባኋት።

ማስተዋል ወተት ስለማትወድ ቤት አልሰጣትም ነበር። ኪንደርጋርተን የሚሉት የሕፃናት መዋያ ግን እርጎ ሰጧት። ስደርስ ከንፈሯ አብጦ፣ ትንፋሿ ያፏጫል። የዚያን ቀን ፍርሃቴን ለጠላቴም አልመኝ።

ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የልጅሽ ቆዳ ሲፈጠርም ክፍተት አለው፤ እርጥበቱ ያመልጣል፣ የውጭው ነገር ይገባል። በአፍ የገባውን ምግብ ሰውነት እንደ እንግዳ ይለምደዋል፤ በተቆጣ ቆዳ ስንጥቅ የገባውን ግን ሌባ ነው ብሎ ሊነሳበት ይችላል። ቅቤው ውስጥ ደግሞ የወተት ርዝራዥ አለ፤ እርጎው ሲገባ ሰውነቷ ያንኑ ሌባ ያየ መስሎት ተነሳበት። እኔ የታየኝ የቀርከሃ ቤታችን ነው። ጭቃው ሲሰነጠቅ ነፋሱን ምን ትለዋለህ? ትለስናለህ እንጂ።

እናም እለስናለሁ። ለብ ባለ ውኃ አጠር አድርጌ አጥባታለሁ፣ ገላዋ ሳይደርቅ ሽታ የሌለው ወፍራም ቅባት እቀባታለሁ፣ የቀላውን ቦታ በመድኃኒቱ። ስትሸሸኝ አሳድዳታለሁ፣ ስታለቅስ እዘፍንላታለሁ። አንድም ቀን አላስታጎልኩም፣ አላስታጉልምም። አሁን ሳታክ ትተኛለች። ወተት ግን እስኪፈቀድ ድረስ እርም ነው።

ትናንት እናቴ ደወለች። "ቅቤው አለቀ አይደል? የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፣ ላሟም ወልዳለች።"

"እማ፣ አትላኪ" አልኳትና ሁሉንም ነገርኳት።

"እኔ ነኝ እንዴ ልጄን የጎዳኋት?" አለች።

"አይደለም እማ። ቆዳዋ ክፍት ነበር፣ ማናችንም አላወቅንም።"

"እሺ፣ ስትመጡ ታዲያ አናቷን ምን ቀብቼ ልቀበላት?"

"ምንም። እጅሽን በደንብ ታጠቢና እቀፊያት።"

"እታጠባለሁ" አለች እናቴ። እጆቿ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ፣ ብትታጠባቸውም፣ ቅቤ ቅቤ ይሸቱኛል።